የሰው ማር

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ቀፎ ክዳን ስታነሣ ቀድሞ የተቀበላት ሽታው ነው። የማር ሽታ እንዳይመስላችሁ። የቆየ ሙጫ ከበሰበሰ ነገር ጋር ቢቀላቀል የሚሸተው ዓይነት ነው።

«ኧረ አይሆንም» አለች ለብቻዋ። «ይኼኛው እንኳ አይሆንም።»

ሆነ እንጂ! ክፉ ነገር መቼ ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል? የእጮቹ ጉድጓዶች ክዳን ወደ ውስጥ ሰምጧል፤ አንዳንዱም ተበሳስቷል። ከሽርጧ ኪስ ክብሪት አወጣችና አንዱን እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ሰዳ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ጤነኛ እጭ ነጭ ነው፤ ሲነኩት ይፈርጣል፣ በዚያው ያበቃል። ይኼ ግን ቡናማ ሆኖ እንደ ንፍጥ ተጎተተ፤ እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ አልበጠስ አለ።

ይህን ክር አባቷ አንድ ጊዜ አሳይቷታል፤ ያውም በሌላ ሰው ጓሮ። «ይኼን ያየሽ ቀን መድኃኒት ፍለጋ አትሩጪ» ብሏት ነበር። «ንቡንም፣ ማሩንም፣ እንጨቱንም አቃጥለሽ ቅበሪ። ካልሆነ ሌላው ንብ መጥቶ ማሩን ይዘርፍና በሽታውን ተሸክሞ ይሄዳል። የሰፈሩ ቀፎ ሁሉ ያልቃል።»

አባት ዛሬ የለም። ከእሱ የቀሯት እነዚህ ሦስት ቀፎዎች ናቸው። ሲከፋትም ደስ ሲላትም የምታወራው ከእነሱ ጋር ነው። በዚሁ ሳምንት እንኳ ለአክስቷ ያልነገረችውን ምስጢር ለንቦቹ ሹክ ብላቸዋለች፤ «እሺ ልለው ነው» ብላ። ማንን? አትቸኩሉ፤ ይመጣል።

«ሦስቱም?» አለች አክስቷ በጓሮው መስኮት አንገቷን አስግጋ። ንብ ስለምትፈራ ከመስኮቱ ወዲያ አትወጣም፤ ምላሷ ግን ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል።

«ሦስቱም፣ አክስቴ።»

«ያ በድርቁ ጊዜ ሞቶ የተነሣውም?»

«እሱማ ብሶበታል።»

እውነትም ተነሥቶ ነበር። በዚያ አበባ በጠፋበት ወቅት ልብስ ሰፊዋን ታይፎይድ ጥሏት አልጋ ላይ ስትከርም፣ ይህን ቀፎ ረሃብ ይጨርሰዋል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ስትነሣ ግን ንቦቹ ደህና ሆነው ጠበቋት። ያን ቀን «የአባቴ ነፍስ ጠበቀችልኝ» ብላ አልቅሳለች። ከሁሉ አብልጣ ስለምትሳሳለትም ነው ዛሬ መክፈቱን መጨረሻ ያደረገችው።

ፍሬሞቹን፣ ማለትም ንቦቹ ማራቸውን የሚሠሩባቸውን የእንጨት ማቀፊያዎች፣ አንድ በአንድ እያወጣች ስታይ ከጥግ ያለው አልንቀሳቀስ አላት። በመሮ ፈልቅቃ አነሣችው። ንቦቹ የለጠፉበትን ጥቁር ሙጫ ስትፍቀው ከሥሩ ቀይ ቀለም ብቅ አለ።

አባቷ ፍሬም ቀለም ቀብቶ አያውቅም። በዚህ ሰፈር የፍሬሟን ጫፍ ቀይ የምትቀባ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከግንቡ ማዶ ያለችው ናት።

«ገደለቻቸው!» አለች። ልቧን የሞላው ሐዘን በአንድ ጊዜ ወደ ጥላቻ ተገለበጠ። ጥላቻው ደግሞ፣ አያድርስ ነው፣ ከሐዘኑ ይልቅ ቀለላት።

* * *

ከግንቡ ማዶ ያለችውን ሴትዮ ሰፈሩ «ባለ ማሯ» ይላታል። ሰፊ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ የተደረደሩ ቀፎዎች፣ ሐኪም ያደረገችው አንድ ልጅ አላት። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል፤ እሷ ግን ማር እየሰፈረች እሬት የምትናገር ሴት ናት።

ጠቡ የቆየ ነው። ልብስ ሰፊዋ ገና ልጅ ሳለች ከአባቷ ቀፎ አንድ መንጋ ተነሥቶ ግንቡን ተሻገረና የባለ ማሯ ዛፍ ላይ ሰፈረ። ባለ ማሯ ቀፎ ደቅና ያዘችው። አባት «ንቤን መልሺ» ሲላት «ስምህ ተጽፎበታል?» አለችው። በቃ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። የዛሬዎቹ የባለ ማሯ ቀፎዎች ሁሉ የዚያ መንጋ ልጆች ናቸው። ልጅቷም እስከዚያ ቀን «እማማ» ትላት የነበረችውን ጎረቤት ከዚያ በኋላ «ሴትዮዋ» እንጂ ሌላ ስም አልሰጠቻትም።

«ይውጡ!» አለች ልብስ ሰፊዋ የግቢውን በር በመዳፏ እየደበደበች። «ይውጡና ሥራዎን ይዩ!»

ባለ ማሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወጣች። «ምን ያስጮኽሻል? የሚሰፋ ልብስ ከሆነ እዚህ የለም።»

«ይኼ የማን ነው?» ፍሬሙን በፌስታል ጠቅልላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ቀዩ ጫፍ ግን ከውጭ ይታያል።

«የእኔ ነው። አንቺ ሌባ፣ እንዴት እጅሽ ገባ?»

«እኔ ሌባ? ከቀፎዬ ውስጥ ነው ያወጣሁት! በሽተኛ ፍሬም ደብቀው አስገብተው ንቦቼን ፈጇቸው! አባቴን በቁሙ ቀሙት፤ ሞቶም አልተዉትም!»

«አፍሽን ያዢ! የእኔ ቀፎ በሽታ አያውቅም። የጓሮሽን ቆሻሻ እኔ ላይ ልትለጥፊ? አባትሽም እንዲሁ ነበር፤ እጁ ባዶ፣ አፉ ሙሉ።»

«አባቴን አይጥሩብኝ!»

እናንተዬ፣ ሰው የሚመጣበትን ሰዓት አይመርጥም። ሐኪሙ ለምሳ ደረሰ። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ነጭ ጋዋኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ጋዋኑን የሰፋችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት። «እሺ ልለው ነው» የተባለለት ሰው እንግዲህ ይኸው። በግንቡ ስንጥቅ በኩል ወረቀት ሲቀባበሉ፣ ጣት ለጣት ሲነካኩ ከርመዋል፤ «ላግባሽ» ያላትም በዚያው ስንጥቅ ነው፤ በበር ገብቶ ግን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። እናቱ «ለሐኪምነት ያስተማርኩትን ልጅ ለመርፌ አልሰጥም» ማለቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀድሞ መሬት የሚፈልገው የእሷ ዓይን ነው፤ ዛሬ የሸሸው የእሱ ነው።

«ይኸው ልጄ ይመስክር» አለች ባለ ማሯ። «እኔ እዚያ ጓሮ ረግጬ አውቃለሁ?»

ሐኪሙ በፌስታሉ ውስጥ ያለውን ቀይ አየ። «እኔ ነኝ» አለ። «ፍሬሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ሴቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆኑ፤ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ በየፊናቸው ፈነዱ።

«የእኔን ማር? ለእሷ?» አለች እናት።

«ልካህ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እናትህ ልካህ ነው?»

«አይደለም፣ ስሚኝ…»

«ምኑን ልስማህ? በስንጥቁ ጣቴን ይዘህ "ንቦችሽ እንዴት ናቸው?" እያልክ የከረምከው፣ ለካ ሞቱልኝ ወይ ማለትህ ነበር!»

«ጣትሽን ይዞ?» አለች እናት። ጉድ ፈላ!

«ጥርስ እንደምትነቅል አውቅ ነበር» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ልብ ስትነቅል ግን ማደንዘዣ እንደማትሰጥ ዛሬ አወቅኩ።»

ፊቷን አዙራ ሄደች። እንባዋን ሴትዮዋ እንዳታይባት እስከ በሯ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ተራመደች። እንዲህ ያለ ውርደት ተሰምቷት አያውቅም።

* * *

ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ጭቃ ማቡካት ነው። የግንቡን ስንጥቅ ግጥም አድርጋ ደፈነችው።

«ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለች አክስቷ ከመስኮቱ። «ሲሚንቶ ይሻልሽ ነበር።»

«አክስቴ፣ ዛሬ አትቀልጂብኝ።»

«ማን ቀለደ?»

ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ መስፋት ጀመረች። ስፌቱ ተጣመመባት። ፈታችው፤ ደግማ ሰፋችው፤ ደግሞ ተጣመመ። በሩ የተንኳኳው ይኼኔ ነው። አክስቷ ከፈተች።

«ኧረ! በበር መምጣት ተማርክ?» አለችው ሐኪሙን። «ስንጥቁ ተደፍኖብህ ነው አይደል?» ለካ አክስት ሁሉን ስታውቅ ነው የከረመችው!

ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም። እግሯ ፔዳሉን መርገጡን ቀጠለ።

«በድርቁ ጊዜ ታመሽ ተኝተሽ ነበር» አለ ሐኪሙ እንደቆመ። «በስንጥቁ ሳይ ንቦችሽ ደጃፋቸው ላይ ይረግፋሉ። በረሃብ ነው። አንቺም በትኩሳት እየቃዠሽ የምትጠሪው እነሱን እንደሆነ አክስትሽ ነገሩኝ። ከእማዬ ቀፎ ማር የሞላ አንድ ፍሬም አወጣሁና ግንቡን ዘልዬ አስገባሁላቸው። ስትነሺ በሕይወት እንድታገኚያቸው ብዬ ነው። ሌላ ሐሳብ ከነበረኝ አፈር ልብላ።»

መኪናው ቀጥ አለ። የአባቷ ነፍስ ጠበቀችልኝ ብላ ያለቀሰችለት ተአምር ይኸው ፊቷ ቆሟል። ያመሰገነችበትም የገደላትም አንድ ነገር ሆኖ አረፈው።

«የንብ ሰው ልጅ አይደለህም?» አለችው። «ከቀፎ ወደ ቀፎ ማር እንደማይሻገር ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም። የእማዬ ቀፎዎች ጠንካሮች ናቸው። ጤነኛ መስለውኝ ነው።»

አባቷ «የሰው ማር ቀፎዬ አይገባም» ሲል ለሴትዮዋ ያለው ቂም ይመስላት ነበር። ለካ ቂም ብቻ አልነበረም።

«እሺ፣ ለምን አልነገርከኝም? ስነሣ፣ ስድን፣ ለምን?»

«እማዬ እንዳትሰማ… ፈርቼ።»

«እሱ ነው!» ብድግ አለች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ። «ማሩንስ እምርልህ ነበር። ንቦቼን የገደላቸው ደግነትህ ነው፤ እኔን የገደለኝ ግን ፍርሃትህ ነው። በጊዜ ብትነግረኝ ያን ፍሬም አወጣው ነበር፤ አንዱ ቀፎ ቢሞት ሁለቱ ይተርፉልኝ ነበር! አንተ የወደድከኝ በስንጥቅ ነው። በስንጥቅ የሚያልፈውን ያህል ብቻ!»

ሐኪሙ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ምን ላድርግ? ንገሪኝና ላድርግ።»

«ፍሬሙ የመጣው ከእናትህ ቀፎ ነው። እንግዲያው የእሷም ታመዋል፤ ብዛታቸው ሸፍኖት ነው። ሂድና ክፈት። በክብሪት አሳያት።»

«አታውቂያትም። እነዚያ ቀፎዎች ለእሷ…»

«የእኔዎቹስ ለእኔ?»

አደርጋለሁም አላደርግምም ሳይል ራሱን ደፍቶ ወጣ። አክስቷ «ይኼም ወንድ ተብሎ…» ብላ ጀመረችና የልጅቷን ፊት አይታ ተወችው። ልብስ ሰፊዋን ከሁሉ በላይ ያበገናት፣ በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ፣ ደረጃውን ሲወርድ «ምነው በተመለሰ» ማለቷ ነበር።

* * *

ፀሐይ ስትጠልቅ ንብ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ክፉ ሥራም የሚሠራው ያኔ ነው። ጉድጓዱን በአባቷ አካፋ ቆፍራ ጨርሳለች። የቀፎዎቹን መግቢያ በጨርቅ ወተፈች። በብርድ ጊዜ እንዳይቀዘቅዛቸው ስታጠብብላቸው የኖረችው በር ነው።

የዘገዩ ንቦች መጥተው ጨርቁ ላይ አረፉ። ይዞራሉ፣ ይዳስሳሉ፣ በራቸውን ይፈልጋሉ። እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ብናኝ ጭነዋል።

«ለማን አመጣችሁት?» አለቻቸው። «ለማን ነው እንዲህ የምትለፉት?» ጨርቁን ልታነሣላቸው እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው። ከዚያ በየክዳኑ ሥር ቤንዚን አፈሰሰችና ቁጭ አለች። የቀፎዎቹ ድምፅ ከፍ አለ፣ ተቆጣ፣ ከዚያ እየሳሳ ሄደ። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች። ጓሮው እንዲህ ጸጥ ብሎ ሰምታው አታውቅም።

ይኼኔ ነው የጓሮው በር የተከፈተው። አክስቷ ናት፤ ስንት ዓመት ከመስኮቱ ያላለፈችው አክስቷ። አንድም ነገር ሳትናገር ቀፎውን በአንድ ወገን ያዘችላት። ሦስቱንም ጉድጓዱ ውስጥ አወረዷቸው። ልብስ ሰፊዋ ክብሪቷን ስታወጣ ከግንቡ ማዶ ጩኸት ተነሣ።

«ክዳኑን መልስ! መልስ ብዬሃለሁ!»

«እማዬ፣ ወዲያ በይ። ትነደፊያለሽ።»

«አብደሃል! ያለ መሸፈኛ? ዓይንህን ያጠፉታል!»

«ያጥፉት! ሲታይ የነበረውን ሳላይ ከርሜያለሁ!» የሐኪሙ ድምፅ በየመሐሉ «እህ!» ይላል፤ እየተነደፈ ነው።

«ያቺ ልጅ ናት የላከችህ! ምረጥ! ከእሷና ከእኔ አንዳችንን ምረጥ!»

«አልመርጥም! እወዳታለሁ፤ ይኸው ሰፈር ይስማ! አንቺንም ስለምወድሽ ነው የምከፍተው። ወደ እኔ አትዪ፣ እማዬ። ክብሪቱን እዪ። ክብሪቱን!»

ማዶ ጸጥ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጸጥታ አወቀችው። ጠዋት እሷም ዝም ያለችበት ነው። ክሩ ተስቧል ማለት ነው። የዚያችን ሴትዮ አፍ አንድ ቀን የሚያዘጋ ነገር በመጣ እያለች ስትመኝ ነው ያደገችው፤ ሲመጣ ግን ደስ አላላትም። ማዶ የሚቃጠሉትም የአባቷ ንብ ልጆች ናቸው።

ማዶ ሌላ ክዳን ተነሣ። ዝም። ሌላም ተነሣ። ዝም። ከዚያ ከግንቡ አጠገብ የባለ ማሯ ድምፅ መጣ።

«አንቺ!»

አክስት መልስ ልትሰጣት አፏን ስትከፍት ልብስ ሰፊዋ በእጇ ከለከለቻት።

«ያ ጉድጓድሽ…» አለች ባለ ማሯ። «ያ ጉድጓድሽ ምን ያህል ይጠልቃል?»

«እስከ ጉልበት ይሁን። ተቃጥሎ ሲያልቅ አፈር በደንብ ያልብሱት።» ልብስ ሰፊዋ፣ ከየት እንደመጣባት ሳታውቀው፣ «እማማ» አለች።

«እማማሽ አይደለሁም» አለች ባለ ማሯ፤ ድምጿ ግን ተሰብሯል። «የእኔ አካፋ እጀታው ተሰብሯል። ያንቺን በዚህ ልጅ ላኪልኝ።»

ከግንቡ በላይ የሐኪሙ ፊት ብቅ አለ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ተንጋድዷል። የጥርስ ሐኪም ሳይሆን ጥርስ ያመመው ሰው መስሏል። እጁን ለአካፋው ዘረጋ።

«በግንብ አልሰጥህም» አለችው። «በበር ዙርና ውሰድ።»

ዞረ። ጎረቤት ሁሉ ጩኸቱን ሰምቶ በየደጁ ቆሟል፤ በዚያ በተበላሸ ፊቱ በመሐላቸው አልፎ በዋናው በር ገባ። አካፋውን ዘረጋችለት። እጀታውን ያዘ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ገና ብዙ ጊዜ አልልህም። ጠዋት ተነሥቼ ጓሮውን ባየሁ ቁጥር እጠላሃለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። ደህናው ዓይኑ አልሸሸም።

«ይኼ አካፋ የአባቴ ነው። ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ስትጨርሱ በሰው እንዳትልክብኝ፤ ራስህ ይዘኸው ና።»

ከዚያ ለቀቀችው።

ሐኪሙ ሲሄድ ክብሪቱን ጫረች። እሳቱ በአንድ ጊዜ ቦግ አለና ሰሙን፣ ማሩን፣ የአባቷን እንጨት ያዘ፤ ቀይ ጫፍ ያለውንም ፍሬም ያዘ። አክስቷ ትከሻዋን ደገፈቻት። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። የቀኑ እንባዋ ጥላቻ ነበረው፤ የአሁኑ ሐዘን ብቻ ነው። ከማዶ የአባቷ አካፋ የዚያችን ሴትዮ መሬት ሲምስ ይሰማታል። አባቷ ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ይቆጣ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጠለቅ አድርጉት ይል ነበር።

እሳቱ ከሰለ። ሁለቱ ሴቶች አፈሩን በእጃቸው መለሱና ወደ ቤት ገቡ። አክስቷ እንደ ልማዷ ቁልፉን ይዛ ወደ ደጁ ሄደች።

«ተዪው፣ አክስቴ፤ አይቆለፍ» አለቻት። «አካፋዬ ይመጣል።»